ከወለሉ ሥር የተለኮሰ ፋኖስ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ፈሪ ካለ መሃል ይግባ፣ ደፋር ነኝ የሚል በበሩ በኩል ይቀመጥ። አንተ፣ ምን ያስቅሃል? ቆይ ብቻ!

ሰዓቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ከብት ገብቶ፣ ሰው በድምፁ እንጂ በመልኩ በማይለይበት ሰዓት። ቦታውስ? ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ ከሰው ቤት ወለል ሥር ነው። መንደሩን አልነግራችሁም። ልክ እንደዚህ ቤት ወለሉ ጣውላ የሆነ፣ በድንጋይ ከመሬት ከፍ ያለ ቤት ነበር። ከጣውላው ሥር ባዶ ነው። ቆመው አይሄዱበት፣ ጎንበስ ብለው አይሄዱበት፣ በደረት ነው የሚሳቡት። ከጓሮ በኩል አንዲት ትንሽ መዝጊያ አለችው። በዚያች መዝጊያ ብቻውን የሚገባ ማነው? እናንተ ትገባላችሁ? እኔስ አልገባም።

ሽብሩ ግን ገባ።

ሽብሩ የቤቱ ባለቤት ነው። ሚስቱ የሻረግ በክረምቱ ሞታበታለች። ታዲያ ሰውዬው አላለቀሰም። በቀብሩም አላለቀሰ፣ በሠልስቱም አላለቀሰ። ልቡ ደነዘዘ። ሲሰጡት ይበላል፣ ካልሰጡት ይተወዋል። ሲመሽ መብራት አያበራም። ለማን ያብራ? መብራት ሲበራ «እንደምን አመሻችሁ» መባባል ያለ ነው፤ አብረው የዋሉ ሰዎች እንኳ ይባባላሉ። የሻረግ ፋኖሱን ለኩሳ «እንደምን አመሹ» ስትለው፣ እሱም «እግዜር ይመስገን» ሲላት ኖረዋል። አሁን ማን ይበለው? ጨለማው ውስጥ ይቀመጣል።

ታላቅ እህቱ እታፈራሁ ልትጠይቀው መጣች። አልጋው ዘንድ ስትደርስ ጣውላው ከእግሯ ሥር ሰመጥ አለባት።

«ሽብሩ! ይሄ ወለል እኮ በስብሷል። ከነአልጋህ ልትወርድ ነው!»

«ይውረድ፣ እትዬ።»

«ሟርተኛ! ሥሩ ገብተህ በእንጨት ደግፈው እንጂ።»

«በምን አይቼ?»

እታፈራሁ አሰበች። «ኩራዝ በጭሱ ያፍንሃል። ጧፍ ስትሳብ ይጠፋብሃል። ከመምህሩ የእጅ ባትሪ እዋስልሃለሁ።»

«ፋኖስ አለ አይደል?»

«ፋኖስ አይሆንም! ፋኖስ ስትለኩስ አፍህ ዝም አይልልህም። ሰው በሌለበት እንደምን አመሻችሁ ትልና፣ የሚመልስ ቢኖርስ? የእጅ ባትሪ አብርቶ ሰላምታ የሚሰጥ ግን የለም።»

ባትሪውን አምጥታለት ሄደች። ምን ያደርጋል! ሽብሩ ባትሪውን አየው፤ የሰው ዕቃ ነው። ፋኖሱን አየው፤ እጇን እንዳያቃጥላት መያዣውን በጨርቅ የጠቀለለችው የሻረግ ናት። እጁ ወደ ፋኖሱ ሄደ።

በደረቱ ተስቦ ከአልጋው ሥር ደረሰ። ክብሪት ጫረ፣ ፋኖሱን ለኮሰ። ልማድ ክፉ ነው፣ «እንደምን አመሻችሁ» አለ።

ማን መለሰ? ማንም አልመለሰ። አፈር፣ የሸረሪት ድር፣ የበሰበሰ ጣውላ። ብቻ ነፋስ ሳይኖር እሳቱ ወደ ጥጉ ጋደል አለ። ሽብሩ አንድ እንጨት አቁሞ ወጣ።

በማግስቱ ሥራው አላለቀምና ገባ። ለኮሰ። «እንደምን አመሻችሁ።» ከጥጉ የሆነ ነገር ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ። እንዲህ… ህእእ። ሽብሩ ፈራ? አልፈራም። የሚፈራበት ልብ ከየት ያምጣ?

በሦስተኛው ምሽት ሥራው አልቋል። ታዲያ ለምን ገባ? ገባ እንጂ! ለኮሰ። «እንደምን አመሻችሁ።»

«እግዜር ይመስገን» አለ ጥጉ። «እንደምን አመሸህ፣ ሽብሩ?»

ድምፁ የሻረግ ነው። ቁርጥ የሻረግ! ሽብሩ ያኔ አለቀሰ። ክረምቱን ሙሉ ያላለቀሰው ሰው አፈሩ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

በነጋታው እታፈራሁ ባትሪውን ልትወስድ ስትመጣ ሁሉን ነገራት። ፊቷ ዓመድ መሰለ።

«በስምህ ጠራችህ?»

«ጠራችኝ።»

«አንተ ሰው! የሻረግ በሕይወቷ ባሏን በስሙ ጠርታ ታውቃለች? ነውር ነው ብላ፣ ስምህ ከአፏ ወጥቶ ያውቃል?»

ሽብሩ የፋኖሱን መያዣ ጨርቅ ዳሰሰ። ከዚያ ምን ያላት ይመስላችኋል?

«አውቄያለሁ፣ እትዬ። እሷ አይደለችም። ግን እንደምን አመሸህ የሚለኝ ሌላ ማን አለ?»

እታፈራሁ ደረቷን ደቃች። «እኔ አለሁልህ! ዛሬውኑ ልብሴን ይዤ እመጣለሁ፣ አብሬህ እኖራለሁ። እስክመጣ ፋኖሱን ብትነካ የእናታችን አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋህ!»

«እሺ» አላት።

ሮጠች። ስትመለስ በሁለቱ ቤት መካከል ያለው ወንዝ ሞልቶ ጠበቃት። እስኪጎድል ቆማ፣ ተሻግራ ስትደርስ ጨልሟል። ቤቱ ባዶ ነው። «ሽብሩ!» ዝም። «ወንድሜ!» ዝም። በዳበሳ ኩራዙን አገኘች። ለኮሰች። እሷም ሰው ናት፣ አፏ አመለጣት።

«እንደምን አመሸህ?»

«እግዜር ይመስገን፣ እትዬ» አለ ከጣውላው ሥር። የሽብሩ ድምፅ ነው።

«ተመስገን! በሕይወት አለህ! ውጣ በል፣ ውጣ!»

«እግዜር ይመስገን፣ እትዬ» አለ ደግሞ ከጎኑ። ይሄም የሽብሩ ድምፅ ነው።

እታፈራሁ ኩራዙን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ውጣ ብላለች፤ ለየትኛው ነው ያለችው? የጓሮዋ መዝጊያ ሲጢጥ አለች። አንዱ ወጣ። አንዱ ብቻ! አፈሩን ከደረቱ አራግፎ ገባና አጠገቧ ተቀመጠ።

እስክትሞት አብራው ኖረች። ወንድሟ ነዋ፣ ምን ታድርግ? ካልሆነስ? መብራት ግን ዳግመኛ አልለኮሰችም። ሲመሽ ሁለቱም በጨለማ ይቀመጣሉ፣ ሰላምም አይባባሉ።

ስለዚህ ልጆች፣ ብቻችሁን ስትሆኑ መብራት አብርታችሁ ሰላም አትበሉ። በተለይ ከሥሩ ባዶ በሆነ ቤት።

ይኸው፣ የኛም ፋኖስ ጠፋ። አትንጫጩ! ክብሪት እኔ ዘንድ አለ። ይኸው በራ። እንደምን አመሻችሁ?

…

ቆይ። እናንተ አፋችሁን ይዛችሁ ተቀምጣችኋል። ታዲያ ከሥራችን የመለሰልኝ ማነው?