መግል ያልቋጠረ ቁስል

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. አንድ ሰኞ ከቀትር በኋላ፣ የአርበኛውን የቅጣውን ሬሳ በቃሬዛ ተሸክመው ቀየት ከተባለው ቀበሌ አጠገብ ካለው የአርበኞች ዋሻ አስገቡት። አርብ ዕለት አርበኞቹ ያደፈጡበትን ቦታ አንድ ሰው ቀድሞ ለጣሊያን ነግሮባቸው ስድስት ሰው ወድቋል።

አለቃቸው ፊታውራሪ አባይነህ፣ ከወረራው በፊት ሆስፒታል ቁስል አጣቢ የነበረችውን እታገኝን አስጠሩ።

«ልጄ፣ እስቲ እዪው። ልቤ አላመነም።»

ሬሳውን ያመጡት ሁለት ናቸው፤ ባሏ ወዳጆና ከጣሊያን ጦር ከድቶ የመጣው ኃይለ ኢየሱስ። ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ኃይለ ኢየሱስን ነበር።

«አርብ ደረቱን ተመታ» አለ ወዳጆ። «ሦስት ቀን ደብቄ አስታመምኩት። መግሉን በገዛ እጄ ስጠርግለት ሰንብቼ፣ ዛሬ ንጋት ላይ አረፈ።»

«አንተስ?» አለች እታገኝ ወደ ሌላው ዞራ።

«አርብ ከተበተንን ወዲህ ብቻዬን ነበርኩ» አለ ኃይለ ኢየሱስ። «ዛሬ ረፋድ ላይ ስደርስባቸው ሞቶ ነበር።»

«እውነቱን ነው?» ብላ ባሏን ጠየቀችው።

«አዎ፣ ሞቶ ነው የደረሰው።»

እታገኝ ጋቢውን ገለጠች። የደረቱን ቁስል ዳር ዳሩን ዳሰሰች፤ አላበጠም፣ አልቀላም፣ አልመገለም። ወደ እግሩ ወረደች። ሐሙስ እሾህ ያወጣችለት ውስጥ እግሩ አብጦ መግል ቋጥሯል፤ ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ወጥቷል። ደግማ አየች። ሰልሳ አየች። ከዚያ ሰዉን ሁሉ ሰብስቡልኝ አለች።

«በደማችን ውስጥ ነጫጭ ዘበኞች አሉ፤ ሆስፒታል ሳለሁ በአጉሊ መነጽር አይቻቸዋለሁ። የሚያመረቅዝ ተሐዋሲ በቁስል ሲገባ ተምመው ይደርሳሉ፣ ከበው ይውጡታል። መግል ማለት ተዋግተው የሞቱት ናቸው። ነፍስ ከወጣች ግን እነሱም የሉም።»

«እና?» አሉ ፊታውራሪ።

«እግሩ ሐሙስ ደህና ነበር። እንዲህ ለመመገል ቀናት ይፈልጋል። እንግዲህ ቅጣው ከአርብ በኋላም በሕይወት ነበር፤ ዘበኞቹም ነቅተዋል። እግሩን ያልተዉ፣ ደረቱን ሦስት ቀን ሙሉ እንዴት ዝም አሉት? ደረቱን የተመታው አርብ አይደለም። ዛሬ ነው፤ ወዲያውም ሞቷል።»

«ማን መታው?»

«ኃይለ ኢየሱስ ሲደርስ ሞቶ እንደነበር ወዳጆ ራሱ መስክሯል። ከሱ በቀር አብሮት የነበረ ሰው የለም። ጠላት ገድሎትስ ቢሆን፣ ያልነበረ መግል ጠረግሁ የሚያሰኘው ምንድን ነው?»

ወዳጆ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አኖረው።

«ጠቋሚው እኔ መሆኔን ቅጣው ነቃብኝ» አለ። «መሐል ሜዳ ከተማ ያለው ጣሊያን ጭቃ ሹም ሊያደርገኝ ቃል ገብቶልኝ ነበር። አንቺን ግን አድኜሻለሁ! አርብ አትውጪ ብዬ የለመንኩሽ ለምን ይመስልሻል?»

ያን ዕለት ስለሚወዳት መስሏት ነበር።

«የስድስቱም ሚስቶች ደጅ ተቀምጠዋል» አለችው። «ውጣና ይህንኑ ለእነሱ ንገራቸው።»

ጀርባዋን ሰጥታው የቅጣውን እግር ታጥብ ጀመር።