የማቀዝቀዣ ክፍል አዘጋግ

ይሄ በእውነት የደረሰብኝ ነው። ያላመነኝ ካለ አልቀየመውም፤ ምነው ውሸት በሆነ የምለው እኔው ነኝ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ውጭው ጠራራ ፀሐይ። የኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጫለሁ... ተቀምጫለሁ ልበል እንጂ አሥሬ እየተነሳሁ ነው።

የማስተምረው የቴክኒክ ጽሑፍ ነው፤ የመመሪያ አጻጻፍ በሉት። ተማሪዎቼ ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ ሥራቸውን ኢንተርኔት ላይ በየግል ማህደራቸው ያስቀምጣሉ። እኔ አስተያየት እጽፋለሁ፣ እነሱ ያርማሉ፣ ነጥብ የምሰጠው መሻሻላቸውን አይቼ ነው።

ታናሽ እህቴም ተማሪዬ ናት። የፍራፍሬ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። የጻፈችውም የማቀዝቀዣ ክፍሉ እንዴት እንደሚዘጋ ነው።

ረቂቋ እንዲህ ይላል፦ «ከመዝጋትህ በፊት ወደ ውስጥ ተጣራ። መልስ ከሰማህ አትግባ። ዝም እስኪል ጠብቅ።»

ሳቄ መጣ። «አንቺ! ሰው በብርድ ይለቅ ነው የምትይው? ‹ገብተህ አውጣው› ብለሽ አስተካክዪ» ብዬ ጻፍኩላት።

አስተካከለች። አሁን ደግሞ ከሥራ ቦታዋ ለየደረጃው ፎቶ እያነሳች ትጭናለች፤ እኔ አያለሁ።

በሩ...

የመብራቱ ማጥፊያ...

እሷ፣ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥ ስትጣራ...

ቆይ።

ፎቶው የተነሳው ከኋላዋ ነው። በዚህ ሰዓት ደግሞ ብቻዋን ነው የምትሠራው። ስልኳስ?

ስልኳ እጇ ላይ ነው።

ደወልኩ።

«ማን ነው ፎቶ የሚያነሳሽ?»

«ቀስ በል...» አለች በሹክሹክታ። «ውስጥ ሰው አለ። መለሰልኝ።»

«ማን?»

«ድምፁ ያንተ ነው... አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ ኮሌጅ ነኝ! እንዳትገቢ!»

«መጣሁ ወንድምዬ፣ መጣሁ» አለች።

ለእኔ አልነበረም።

ወዲያው አዲስ ፎቶ ተጫነ። በሩ ከውጭ ተዘግቷል።

መጋዘኑ ከኮሌጁ ፊት ለፊት ነው። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደለጠፍኩ በረርኩ። የመጋዘኑ ዘበኛ እያጉረመረመ የማቀዝቀዣ ክፍሉን ከፈተልኝ።

የብርቱካን ሳጥን ብቻ። እህቴ የለችም።

«የት ነሽ?» አልኩ በስልኩ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«ፊትህ ነኝ እኮ...» ጥርሷ ሲንገጫገጭ ይሰማኛል። «ምነው ቆምክ? በረደኝ።»

ማንም ከሌለበት፣ ከሳጥኖቹ መሃል፣ የትንፋሽ እንፋሎት ቡልቅ አለ።