ሻምበል ዛሬ ለምን አያነክስም?

ምላጭ አንድ ዓይኗን ጨፍና ሌላኛውን ቆርቆሮው ላይ ባለችው የሚስማር ቀዳዳ ላይ ለጠፈች። ከአጥሩ ወዲያ ቀጮ ትሮጣለች። ራሴን አሞኛል፣ ከአልጋ መነሳት አልቻልኩም ያለችው ቀጮ! አጠገቧ ሻምበል፣ ያ ጥቁርና ቡናማ ግዙፍ ውሻዋ፣ አንገቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ እንደ ሰልፈኛ ይረግጣል።

«አንቺ ውሸታም» አለች ምላጭ፣ ለቆርቆሮው።

ምላጭ የወጣላት ስም አይደለም እርግጥ። ምላሷን የቀመሰ ሁሉ እንዲህ ሲላት ጊዜ እናቷም በዚያው ለመደች። ቀጮ ለምን ቀጮ እንደተባለች ደግሞ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከሻምበል ጋር መንገድ ስትወጣ ማን ማንን ይዞ እንደሚሄድ አይታወቅም። ሁለቱ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። የሰፈሩ የውሻ ክበብ የገቡትም በአንድ ቀን ነው። ልዩነታቸው በየውድድሩ ሻምበል አንደኛ ይወጣል፣ የምላጭ ውሻ ዳቦ ሁለተኛ። ሁልጊዜ ሁለተኛ።

ለዚህ ቅዳሜ የመልክና የአረማመድ ውድድር ግን ምላጭ ተስፋ ነበራት። ዳቦ ሰውነቱ ሞልቷል፣ ጸጉሩ መስታወት ሆኗል። እና ይኸው፣ ቀጮ ተደብቃ ትለማመዳለች! ደግሞ የገመድ አያያዟ! ሁልጊዜ ላላ አድርጋ የምትይዘውን ገመድ ዛሬ ክንዷን ሽቅብ አንስታ ወጥራዋለች።

ምላጭ በሩን አንኳኳች። ሩጫው ቀጥ አለ። ሹክሹክታ፣ ከዚያ የሆነ በር ሲዘጋ፣ ከዚያ ዝም። ቆይቶ የቀጮ ግማሽ ፊት በበሩ ክፍተት ብቅ አለ። ላብ በላብ ሆናለች።

«ምነው?»

«ብሩሽሽን ልመልስ ነው። ራስሽን እንዴት ነው?»

«ይወቅረኛል።»

«ያልብሻልም።»

«ትኩሳት ነው።»

«ሻምበልስ?»

«ተኝቷል።»

ከውስጥ ሻምበል ጮኸ።

«በህልሙ ነው» አለች ቀጮ። ብሩሹን ነጥቃ በሩን ዘጋችው።

ምላጭ መንገዱን ሙሉ ስታብሰለስል ሄደች። አዲስ ዘዴ አግኝታለች ማለት ነው። ከማን? ደግሞስ ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እስከ ዛሬ ማበጠሪያውንም ሻምፖውንም ሲጋሩ ኖረው! እሺ፣ ይሁን። ዓይን እንደሆነ ምላጭም አላት።

ቤቷ እንደደረሰች ዳቦን ግቢ አውጥታ ገመዱን ሽቅብ ወጠረችው። ዳቦ ሁለት ዙር እንደሄደ አሳለው። ቆም ብሎ ምን በደልኩሽ በሚል ዓይን አያት።

«ልትሰቅዪው ነው?» አለ ወንድሟ ከመስኮት።

«አንተ ስለ ስታይል ምን ታውቃለህ?»

«ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ መውረድ ስታይል ከሆነ፣ ገባኝ።»

በማግስቱ ክበቡ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ሜዳ ልምምድ ነበረው። ቀጮ አልመጣችም። ምላጭ ይኼኔ ነው ብላ፣ ክንዷን ሽቅብ ዘርግታ፣ ዳቦን አንገቱን አስነስታ በአባላቱ ሁሉ ፊት መሮጥ ጀመረች። ዙሩን ሳትጨርስ ፊሽካ ተነፋ። አሰልጣኛቸው ጋሽ ፊሽካ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ሲሆኑ፣ ፊሽካቸውን ከአፋቸው የሚያወጡት ለመብላትና ለመቆጣት ብቻ ነው። አሁን አወጡት።

«ቁሚ! ውሻ ነው የያዝሽው ወይስ ልብስ እያሰጣሽ ነው?»

«ጋሼ፣ አዲስ ስታይል እኮ ነው።»

«አዲስ? ይሄ እኔ ጸጉር ከነበረኝ ጊዜ ጀምሮ ያለ ማጭበርበሪያ ነው!» አጎንብሰው የዳቦን ገመድ አላሉለት። «ውሻ የፊት እግሩን ሲያመው፣ የታመመው እግር መሬት በነካ ቁጥር ጭንቅላቱን ወደ ላይ ይነጥቃል። ክብደቱን ለመሸሽ ነው። ብልህ ዳኛ ከእግሩ በፊት ጭንቅላቱን ነው የሚያየው። እንዲህ ሽቅብ ወጥረሽ ከያዝሽው ግን ጭንቅላቱ አይነቀነቅም፤ ሕመሙም ተደበቀ ማለት ነው። የዳቦ እግር ጤነኛ ነው። ምን ልትደብቂበት ነው?»

ምላጭ ዳቦን ወደ እግሯ አስጠጋችው።

«ማነው ያስተማረሽ?»

አባላቱ ሁሉ ያዩዋታል። «ራሴ ነኝ የፈለሰፍኩት» አለች።

«እንግዲያው ራስሽ መልሰሽ ቅበሪው» አሉና ፊሽካቸውን ወደ አፋቸው መለሱ።

ከዚያ በኋላ ምላጭ ልምምዱን በቅጡ አላየችውም። ሻምበል እግሩን ታሟል። ቀጮ ሳምንቱን ሙሉ ልምምድ የቀረችው፣ ጠዋት ጠዋት ሻምበልን ስታንሸራሽር በዳገቱ ፈንታ በሜዳው መንገድ የምትዞረው፣ ሁሉም ነገር ተራ በተራ ቦታ ቦታውን ያዘ።

በነጋታው ቀጮን ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ያዘቻት።

«የሻምበል እግር እንዴት ነው?»

«የቱ እግሩ?» አለች ቀጮ ቶሎ ብላ።

«አራት አለው። አንዱን ምረጪ።»

ቀጮ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። «ደህና ነው ባክሽ። ቅዳሜ ታይዋለሽ።»

ለጋሽ ፊሽካ መንገር ቀላል ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ግን ሻምበል ከወጣ አንደኛ የሚሆነው ማነው? ዳቦ። ሰው ሁሉ ምን ይላል? ቀንታ ነው ያሳበቀችው ይላል። ይባስ ብሎ፣ እውነታቸውን ቢሆንስ? ምላጭ ራሷን ጠየቀች። ስለዚህ ለማንም አልተናገረችም።

ቅዳሜ ሜዳው በገመድ ታጥሯል፣ ድንኳኖች ተተክለዋል። የጸጉር ማድረቂያ ይጮኻል፣ ውሾች ይጮኻሉ፣ ባለቤቶቻቸው ከውሾቹ ብሰው ይጮኻሉ። ቀጮ ሻምበልን ይዛ በዋናው በር ገባች። ምላጭ ዓይኗን ከውሻው የፊት እግር ላይ አልነቀለችም።

አያነክስም። ገመዱ ላልቷል፣ ጭንቅላቱ አይነቀነቅም፣ ቀጥ ብሎ ይራመዳል።

«ምን ታፈጥጫለሽ?» አለች ቀጮ። «አላልኩሽም? ደህና ነው።»

ምላጭ ማፈር ነበረባት፤ አላፈረችም። የሆነ ነገር አልጣማትም። ሻምበል ጉበት ሲያይ ዓለሙን ይረሳል፤ ከኪሷ የተቀቀለ ጉበት አውጥታ አፍንጫው ሥር አደረገችለት። አሸተተው። ከዚያ ፊቱን አዞረ።

«ጠግቦ ነው» አለች ቀጮ፣ ሳትጠየቅ።

ትንሽ ቆይቶ ሻምበል አጥሩ ሥር ሄዶ ለመጸዳዳት ቁጢጥ አለ። ቀጮ ፌስታል ይዛ ስትሮጥ ምላጭ ቀደመቻት።

«እኔ አነሳዋለሁ።»

«አትንኪው! የራሴ ውሻ ነው!»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ለካካ የምንጣላው?» አለች ምላጭ። እጇን ፌስታሉ ውስጥ ከታ አነሳችው፤ ከዚያ ሳቁ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ጥቁር ነው። እንደ ሬንጅ ጥቁር፣ ፌስታሉ ላይ የሚጣበቅ።

ባለፈው ወር አንዲት የእንስሳት ሐኪም ክበቡ ድረስ መጥታ ስለ ውሾች ሆድ ስታስተምር ሁለቱ ከኋላ ተቀምጠው በሳቅ ሲፈርሱ ነበር። ከትምህርቱ ሁሉ ምላጭ ጭንቅላት ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ የቀረውም ስላስጠላት ነው። እንደ ሬንጅ ከጠቆረና ካጣበቀ ሆዱ እየደማ ነው፣ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡልኝ ብላ ነበር።

ምላጭ ተንበርክካ የሻምበልን ከንፈር ገለጠች። ሮዝ መሆን የነበረበት ድዱ ወረቀት መስሏል።

«ምን ሰጠሽው?»

«ምንም።»

«ቀጮ!»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!» ቀጮ ግራ ቀኟን አየች። «የአያቴን የጉልበት ኪኒን ነው። ምን አለበት? አያቴ እሱን ውጣ ደረጃ ትወጣለች። ለሰው የሆነ ለውሻ አይሆንም? ከአጥሩ ላይ ዘሎ ክፉኛ ወደቀ፣ ማነከስ ጀመረ፣ ሥጋ ውስጥ እየከተትኩ ሰጠሁት። መጀመሪያ ብዙም አልረዳውም ነበር፣ ጨመርኩለት። አሁን አየሽው አይደል? አያነክስም እኮ!»

«ሆዱ እየደማ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ዶክተር ሆንሽ?»

«ዶክተሯ ያውና ድንኳኗ። እንሂድ።»

«ከውድድሩ በኋላ።»

«አሁን!»

የቀጮ ዓይን እንባ ሞላ። «አባቴ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ዘንድሮ ካላሸነፈ ለመጋዘን ጠባቂነት እሰጠዋለሁ ብሏል። ሥጋ እየበላ የሚተኛ ውሻ አልቀልብም ብሏል። የእናንተ ዳቦ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ነው የሚውለው፤ አንቺ ምን ይገባሻል?» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ደግሞ አውቄሻለሁ። ዋንጫውን ስለፈለግሽ ነው።»

ሌላ ቀን ቢሆን ምላጭ ለዚህ የሚሆን መልስ ነበራት፤ ያውም የሚቆርጥ። ዛሬ ግን ቀጮ የተናገረችው ምላጭ ራሷ ሳምንቱን ሙሉ ስትሸሸው የከረመችውን ነው።

ድምፅ ማጉያው የክበቡን ተወዳዳሪዎች ጠራ። ቀጮ ሻምበልን ጎትታ ወደ ሜዳው ሄደች። ውሻው ተከተላት፤ እሷ የሄደችበት ሁሉ ይሄዳል።

መግቢያው ላይ ጋሽ ፊሽካ ቆመዋል። «ነይ እንጂ፣ ምን ትንቀረፈፊያለሽ? ተራሽ ነው!»

«ጋሼ፣ ዳቦ ዛሬ አይወዳደርም።»

ፊሽካው ከአፋቸው ወደቀ። «አመመው?»

«ደህና ነው። ግን አይገባም። አልወዳደርም ማለቴን ይስሙልኝ፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ ነው የምነግርዎት። ዳቦን ይያዙልኝ።»

ዳቦ ጆሮውን አቁሞ፣ እንደዚያ እያብረቀረቀ፣ ወደ ሜዳው ለመግባት ይጎትታል። ምላጭ አላየችውም፤ ካየችው ሐሳቧን እንደምትቀይር ታውቃለች። ገመዱን እጃቸው ላይ አስቀምጣ ፌስታሉን እንደያዘች ወደ ሐኪሟ ድንኳን ሮጠች።

ሐኪሟ ፌስታሉን ገልጣ አየች። ወዲያው ብድግ አለች።

«የማን ውሻ ነው?»

ምላጭ በጣቷ አሳየች። «የሰው የጉልበት ኪኒን ሲወስድ ነበር» አለች። «ተሳስታ ነው እንጂ ልትጎዳው ብላ አይደለም።»

ሐኪሟ ሌላ አልጠየቀችም፤ የሜዳውን ገመድ ተሻግራ ገባች። ዳኛው እጁን አንስቶ ሁሉንም አስቆመ። ምላጭ ከሩቅ ቀጮ ራሷን ስትነቀንቅ፣ ከዚያ ስትነቀንቅ ቆይታ ስታቆም፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ልጅ እጇን አፏ ላይ ስትጭን አየች። ሐኪሟና ጋሽ ፊሽካ ሻምበልን ተጋግዘው መኪና ውስጥ አስገቡት። ቀጮ ከኋላ ገብታ ጭንቅላቱን ታቀፈች።

«ይድናል?» አለች። ድምጿ በጭንቅ ነው የሚሰማው።

«አሁን ይድናል ብዬ አልዋሽሽም» አለች ሐኪሟ። «ከሰዓት በኋላ ብትመጪ ኖሮ ግን የምነግርሽ ሌላ ነበር። አባትሽ መምጣት አለባቸው። ማን ይጥራቸው?»

ቀጮ ፊቷን የሻምበል ጸጉር ውስጥ ቀበረች። ምላጭንም ቀና ብላ አላየቻትም።

«እኔ እደውልላቸዋለሁ» አሉ ጋሽ ፊሽካ።

«አይ፣ ጋሼ» አለች ምላጭ። ስልክ ወሬውን ነው የሚያደርሰው፤ መጋዘኑን፣ እንባውን፣ ኪኒኑ ለምን ሥጋ ውስጥ እንደገባ አያደርስም። «እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

ቀጮ አሁን ቀና ብላ አየቻት። መኪናው ተነሳ።

የቀጮ አባት ጎማ ቤት ከሜዳው ብዙም አይርቅም። ምላጭ ሮጣ ደረሰች። የአየር መሙያው ሞተር ያጓራል። ሰውየው አንድ የተፈታ ጎማ ላይ አጎንብሰው ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ትልልቅ እጆቻቸው እስከ ክርናቸው ጠቁረዋል።

«አለቀ እንዴ?» አሉ ቀና ሳይሉ። «አሸነፈ?»

«ጋሼ፣ ስለ ሻምበል ነው የመጣሁት።»

እጃቸው ጎማው ላይ ቆመ። ቀስ ብለው ቀና አሉ። ምላጭ ቁጣ ነበር የጠበቀችው፤ መንገዱን ሙሉ የተዘጋጀችውም ለቁጣ ነው።

«ሞተ?» አሉ። ከዚያ ትልቅ ሰውነት የወጣች ቀጭን ድምፅ ነበረች።

«አልሞተም። ሐኪም ጋ ነው፤ ልጅዎም አብራው ናት። እርስዎንም እየጠበቁ ነው። መንገድ ላይ እንዳልነግርዎት ግን ይጮኹብኛል ብዬ እፈራለሁ፤ ስለዚህ ሞተሩን ያጥፉልኝና እዚሁ ልንገርዎት። እስከ መጨረሻው ሳያቋርጡኝ ነው ታዲያ።»

ሰውየው እጃቸውን ዘርግተው ሞተሩን አጠፉ።

ምላጭ አንድ አሮጌ ጎማ ጎትታ ተቀመጠችበት።