ጨለለቅቱ መለሰች

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ ቡዳ በላው፣ ጥላ ወጋው ሲሉኝ «መጀመሪያ ኬብሉን አይታችሁታል?» ብዬ የማሾፍ፣ እንጀራዬም እሱው ነው፣ ዲላ አንድ የቡና ድርጅት ቢሮ ቁጭ ብዬ ሲስተም ከሲስተም ሲጣላ አስታርቃለሁ። ባለፈው ጥቅምት የሆነውን ግን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መብራት ወሰደብን፣ መብራቱ ሲመለስ በየገጠሩ ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ያለው የሚዛን ሲስተም ከእኛ ሰርቨር ጋር አልገናኝም አለ። ከዲላ ቁጥር ካልተላከለት ሚዛኑ አይመዝንም፣ ካልመዘነ የገበሬውን እሸት ቡና የሚረከብ የለም፣ ቀይ እሸት ደግሞ በተለቀመ ቀን ካልተፈለፈለ አለቀለት። የጨለለቅቱ ጣቢያ ቡና ተረካቢው በራሶ ደውሎ ገበሬው ዝናብ ላይ ጆንያውን አቅፎ ቆሟል፣ «ሲስተም የለም» ማለት አፈርኩ አለኝ። ኬብል ነቅዬ ሰካሁ፣ ሰርቨሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ አዲስ አበባ ሶፍትዌሩን የሠሩት ጋ ደወልኩ፣ «ከእኛ በኩል ሰላም ነው» አሉኝ፣ የእነሱ ሰላም መቼ ጎድሎ ያውቃል። እመኑኝ፣ እንባዬ መጣ።

ያኔ ነው ጋሽ ታፈሰ ትዝ ያሉኝ። ኔትወርክ ሳይመጣ በፊት ጣቢያዎቹን በሬዲዮ የሚያገናኙት እሳቸው ነበሩ፣ ሥራ ያስለመዱኝም እሳቸው፣ ወደ ማታ ማይኩን በእስክሪብቶ ሁለቴ ቋ ቋ ያደርጉና ከሬኮ ጣቢያ ጀምረው በተራ «አላችሁ?» ይላሉ፣ አንዱ «አለን» ሳይል ሌላውን አይጠሩም፣ ሁሉም ሳይመልስ ደግሞ ቤታቸው አይገቡም። ከ«አለን» በኋላ ማን ወለደ፣ ማን ታመመ ይባባሉ ነበር፣ ውይ ያ ጊዜ፣ እንዴት እንደሚናፍቀኝ። ያረፉትም እዚያው ሬዲዮው ፊት ወንበራቸው ላይ ነው፣ ጨለለቅቱ አልመልስ ብላ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ እጠብቃለሁ» ብለውኝ፣ ጠዋት ስንገባ ማይኩን እንደያዙ አገኘናቸው።

ይህን እያሰብኩ ከዕቃ ቤቱ ሽሽሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዝናቡ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሁለቴ፣ ቋ ቋ። የጋሽ ታፈሰ ሬዲዮ እዚያ ነው የተጣለው፣ ባትሪ የለው፣ ገመድ የለው፣ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ እንደተተከለ ሬኮ ገባች፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላው ጣቢያ፣ ደግሞ ሌላው፣ በተራ በተራ፣ እኔ ምንም ሳልነካ፣ በመጨረሻ ጨለለቅቱ።

ወዲያው በራሶ ደወለ፣ ከኋላው የመፈልፈያው ሞተር ይሰማል።

«እትዬ፣ ሽማግሌያችሁ ጎበዝ ናቸው» አለኝ።

«የቱ ሽማግሌ?»

«እዚህ እኛ ጋ በዘበኛው ቤት በተጣለው አሮጌ ሬዲዮ ያናገሩኝ ናቸዋ። ሬኮ ትቅደም፣ አንተ ሲስተሙን አጥፍተህ ተራህን ጠብቅ አሉኝ። ሲያበቃ ‹አላችሁ?› አሉ፣ ‹አለን› አልኳቸው፣ ‹ተመስገን፣ በቃ ቤቴ ልግባ› አሉ።» ቀጠለ፣ «ደግሞ ‹ከእንግዲህ የምትጠብቀው እሷ ናት› አሉ። ማንን ማለታቸው ነው?»

በማግስቱ ዕቃ ቤቱን ሰው አስከትዬ ከፈትኩት፣ ሬዲዮው አቧራውን ለብሶ ቁጭ ብሏል። የሶፍትዌሩ ልጆች መብራት ሲመለስ ጣቢያዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲመጡበት ሰርቨሩ ተጨናንቆ ነው አሉ፣ ይሁን፣ ማን አሰለፋቸው ታዲያ? ጋሽ ታፈሰ ቤታቸው ገቡ ብዬ ደስ ይለኛል፣ አለቅሳለሁም። ግን ከዚያ ወዲህ ጣቢያዎቹ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ሳይታዩኝ ከቢሮ መውጣት አልሆነልኝም፣ ባለቤቴ ተቆጥቶ ተቆጥቶ ሰለቸው።

ትናንት ሬኮ ዘገየች። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።