የተፋቀው ስም

አዛውንቱ መምህር ኑት፣ በካምቦዲያ ባታምባንግ ከተማ ዳር በሚገኘው የመነኮሳት ግቢ፣ ሲቀርጹት በነበረው የመታሰቢያ ድንጋይ ሥር ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸው በገዛ መዶሻቸው ተመትቷል። ድንጋዩ በክመር ሩዥ ዘመን ፊደል በማወቃቸው ብቻ የተገደሉትን የመንደሩን መምህራን ስም ይዟል። በመጨረሻው መስመር «አሳልፎ የሰጣቸው» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ስም በመሮ ተፍቋል።

መነኮሳቱ ለምጽዋት ወጥተው፣ በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

«አጎቴ ያንን መስመር በጨርቅ ሸፍነው ነበር የሚሠሩት» አለች ሞም፣ የሟች የእህት ልጅ።

«እኔ ብፍቀው እንዲህ አላበላሸውም ነበር!» አለ ድንጋይ ጠራቢው ሳቩት።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ልጄ» አሉ ከበሮ መቺው አባባ ክሪ። «የልጄን ደብዳቤ እንኳ ኑት ነበር የሚያነብልኝ።»

ኢንስፔክተር ራቻና ተንበርክካ የተፋቀውን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ሦስቱንም ድንጋዩ ዘንድ ሰበሰበቻቸው።

«የክመር ጽሕፈታችን በቃልና በቃል መሀል ክፍተት የለውም። ፋቂው ግን ስሙ ከሚጀምርበት ጀምሮ ስሙ የሚያልቅበት ላይ ቆሟል። ማንበብ ይችላል ማለት ነው።»

«እኔና ሞም ብቻ ቀረን ማለት ነው!» ሳቩት ደነፋ።

«ቆይ። ፊደሉ ጠፍቷል፤ ከሥሩ የተንጠለጠለው፣ እግር የምንለው ንዑስ ፊደል ግን እዚህ በግራ በኩል ቀርቷል። የ‹ር› እግር ነው። የሚነበበው ከፊደሉ በኋላ፣ የሚጻፈው ግን ከሥሩ ተነሥቶ በስተግራው ነው። የቸኮለ ሰው ሳያየው ያልፋል። ከእናንተ ስሙ ይህ እግር ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባባ ክሪ።»

«ማንበብ አልችልም አልኩሽ እኮ!»

«መንደሩ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መምህራኑን ለገዳዮቹ የጠቆመው ሰው ስማቸውን በእጁ ጽፎ ነበር። ማይምን ደግሞ ማን ይጠረጥራል?»

ሽማግሌው ድንጋዩ ጥግ ተቀመጡ።

«ኑት ያውቅ ነበር። ስሜን ሳይቀርጽ ሚስቴ እስክትሞት ጠበቀኝ። ሠላሳ ዓመት የልጄን ደብዳቤ በሰው አፍ ሰማሁ፤ ይኼ አይበቃም ወይ አልኩት። አይበቃም አለኝ።»

ቃላቸውን ሰጥተው ሲያበቁ አውራ ጣታቸውን ወደ ቀለሙ ሰደዱ።

«በብዕር» አለች ራቻና።

ጻፉ። የጠራ፣ ያማረ የእጅ ጽሕፈት ነበር። ሞም አየችው።

«ከዚያ ዘመን በኋላ የሚያስተምረን አጥተን ስንት ዓመት ሜዳ ላይ ቀረን» አለቻቸው። «እርስዎ እዚሁ ነበሩ።»