«አስም አለባቸው?»

የአቶ አብተው ጎበና አስከሬን አዳማ ውስጥ ባለ አንድ የግል ክሊኒክ አልጋ ላይ አንሶላ ተሸፍኖ ተኝቷል። ወንጂ ላይ የሸንኮራ ማሽን ሲጠግኑ ያረጁ መካኒክ ነበሩ። ልባቸው ያለ ልክ መሮጥ ጀመረና ራሳቸውን ስተው በባጃጅ መጡ፤ መርፌ እንደተወጉ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ኢንስፔክተር ማስተዋል ጽጌ አንሶላውን ገለጥ አደረገች። ከንፈራቸው ጠቁሯል፤ ደረታቸው እንደተነፋ ቀርቷል።

«ምን ነበር የሰጧቸው?» ስትል ሐኪሙን ኪዳነወልድን ጠየቀችው።

«አደኖሲን። የሚሮጥ ልብ ያረጋጋል። አስም ላለበት ሰው ግን አይሰጥም። ጃኬታቸውን አውልቄ ለልጃቸው ስሰጣት፣ 'አደኖሲን ልወጋቸው ነው፤ አስም አለባቸው?' አልኳት። 'የለበትም' አለችኝ።»

«ማን ሰማ?»

«ማንም።» ፊቱ አመድ መስሏል። «ለቤተሰቡ ልባቸው ቆመ ብቻ ነው ያልኩት። የቀረውን ለመናገር አፌ አልታዘዘኝም።»

ሚስትየው ወይዘሮ ዘውድነሽ አንድ እጃቸው በጄሶ ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ኩርምት ብለዋል።

«አስም ነበረባቸው?»

«ከልጅነቱ ጀምሮ! ሲያፍነው የሚስበውን ፓፍ በገዛ እጄ ነው ጃኬቱ ኪስ የከተትኩት። እኔ ካርድ ላወጣ ሄድኩ፤ ስመለስ በሩ ተዘግቷል።»

ማስተዋል የጃኬቱን ኪሶች ፈተሸች። ባዶ ናቸው።

የፋርማሲ ተማሪዋ ልጃቸው ፍሬሕይወት አላለቀሰችም። «እኔን የጠየቀኝ የለም። ሐኪሙ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ነው የገባው። ኤ ዋንን ብቻ አስቦ ኤ ቱ ቢን ረሳ፤ አባቴን ገደለው።»

የአስከሬኑ ምርመራ ውጤት ሲመጣ ማስተዋል ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ዶክተር፣ ኤ ዋን ምንድን ነው?»

«አደኖሲን የሚያርፍባቸው ተቀባዮች በሕዋሶቻችን ላይ አሉ፤ አራት ዓይነት ናቸው። ኤ ዋን ልብ ላይ አለ። ሲነካ በሕዋሱ ውስጥ ትእዛዝ የሚያደርሰውን መልእክተኛ ይቀንሳል፤ ልብም ይዘገያል።»

«ኤ ቱ ቢስ?»

«የተገላቢጦሽ፤ መልእክተኛውን ይጨምራል፤ ሌላም መንገድ አለው። አስም ያለበት ሳንባ ላይ ግን ሕዋሳቱን ያስቆጣቸዋል፤ የሚረጩት ነገር የአየር ቧንቧውን ያጠበዋል።»

ማስተዋል ወደ ፍሬሕይወት ዞረች። «አባትሽን የገደላቸው የሳንባቸው መዘጋት መሆኑ የታወቀው ዛሬ ነው። ለአንቺ የተነገረሽ ልባቸው ቆመ ተብሎ ነበር። አንቺ ግን የዚያኑ ቀን የሳንባውን፣ ኤ ቱ ቢን፣ ጠራሽልኝ። ደግሞስ ሐኪሙ ቃል ካልተነፈሰ፣ ምን እንደተወጉ ከማን ሰማሽ? ሲጠይቅሽ ነው የሰማሽው። ጃኬቱ በእጅሽ ነበር፤ እናትሽ ይዘውት ገብተው ለሐኪሙ እንዳያሳዩት ፓፉን ከኪሱ አወጣሽው።»

ልጅቷ አልካደችም። በጄሶ የታሰረውን የእናቷን እጅ አየች።

«አባቴ ሲመታት እያየሁ ነው ያደግሁት። ጎረቤት ሲጠይቃት 'ወደቅሁ' ትላለች። ሰሞኑን ከዩኒቨርሲቲ ስመጣ እጇ ተሰብሮ ጠበቀኝ። ምን ሆነሽ ስላት፣ 'ወደቅሁ'።»

ወይዘሮ ዘውድነሽ ቀና አሉ።

«ወድቄ እኮ ነው ልጄ። የአሁኑስ እውነቴን ነበር። ደጃፉ ላይ ጭቃው አዳልጦኝ... አባትሽ ነው አቅፎ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ።»

ፍሬሕይወት የእናቷን ጄሶ በጣቷ ነካች።

ማስተዋል ካቴናውን አወጣች። እናትየው በደህናው እጃቸው የልጃቸውን ቀሚስ ጨምድደው ያዙ። ሐኪሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። የእናትየውን ጣቶች ከቀሚሱ አንድ በአንድ ያላቀቀችው ራሷ ማስተዋል ነበረች።