ከጎማው ሥር የጠፋው ድንጋይ

ዘይኑልአቢዲን ከገዛ ፒካፑ ሥር ሞቶ ተገኘ። መኪናው በግቢው ቁልቁለት ተንሸራቶ፣ የኋላ ጎማው ደረቱ ላይ ወጥቶበት፣ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። በእጁ የሽቦ ብሩሽ ጨብጧል።

ኢንስፔክተር ማርያማዊት ስትደርስ ሬሳውን አውጥተው ጋቢ አልብሰውታል። በዚያ የ2013 ነሐሴ የሐይቅ ሰው ለቅሶ እንኳ በቅጡ መቀመጥ አልቻለም። ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ ያጓራል፣ ተፈናቃዩ መንገዱን ሞልቶታል፣ የከተማው ነዋሪ ልሂድ ልቅር እያለ ፍራሹን ሲጭንና ሲያወርድ ይውላል። ማርያማዊት ደግሞ ሰው ሲቸኩል ቀስ የምትል፣ በዚህም አለቆቿን የምታናድድ ሴት ናት።

«ገዳዩ ተይዟል» አላት ሰላሀዲን። የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ በዋናው መንገድ ኬላ የሚጠብቁት ወጣቶችም አለቃ። ዓይኑ ቀልቷል፣ አንድ ቦታ መቆም አቅቶታል። «ይኸው፣ መካኒክ ነኝ ብሎ የመጣው ሰርጎ ገብ! ወላሂ፣ ከመግሪብ በፊት ካልወሰዳችሁት እኛው እንፈርድበታለን!»

ሰርጎ ገብ የተባለው ሙሉጌታ ነው፤ ከቆቦ ተፈናቅሎ በሟቹ ቤት የተጠለለ መካኒክ። የፊጥኝ ታስሮ ከግንብ ሥር ተቀምጧል። ከአጥሩ ውጭ ዱላ የያዙ ልጆች ይተረማመሳሉ። ማርያማዊት ወደ ፀሐይዋ ቀና ብላ አየች። ፖሊሱ ሁሉ ግንባር ሄዷል፤ ልጆቹ ከተነሱ ሰውየውን የምታስጥልበት ኃይል የላትም። የሚያስጥለው እውነቱ ብቻ ነው፣ እሱንም ገና አላገኘችውም። ፈራች።

«ምን እየሠራችሁ ነበር?» አለችው ሙሉጌታን።

«የካርዳኑን ብሎኖች ልንቀይር ነበር፣ እህቴ።» ካርዳን ከካምቢዮ ተነስቶ የኋላ ጎማዎችን የሚያዞረው ረጅሙ ብረት ነው። «በኋላ ጎማዎቹ መሐል ካለው ዲፈረንሻል ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ጭንቅላታቸው ተበልቷል፣ አንዱም ተቆርጧል። በዚህ ዓይነት እርጉዝ ሚስቱን ጭኖ ደሴ አይደርስም። ፈታኋቸውና ካርዳኑን በሽቦ አንጠልጥዬ ብሎን ፍለጋ ወጣሁ። ተራው ብሎን አይችለውም፤ ጠንካራው እስኪገኝ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ስመለስ ያዙኝ።»

«ማርሹስ?»

«ፍሪ ነው የተውኩት። አዲሱን ብሎን ለመክተት ካርዳኑን በእጄ እያዞርኩ ቀዳዳውን ከቀዳዳ አጋጥማለሁ። ማርሽ ከገባ አይዞርልኝም።»

«ታዲያ መኪናውን ምን ይዞት ነበር?»

«የእጅ ፍሬኑ እንኳ እምብዛም አይይዝ። ከፊት ጎማው ሥር ትልቅ ድንጋይ ታኮ አድርገን ነበር።»

ማርያማዊት ፒካፑ ቆሞበት የነበረውን ቦታ ጎንበስ ብላ አየች። ድንጋዩ የተቀመጠበት ጎድጓዳ አለ፤ ድንጋዩ ግን በግቢው ውስጥ የትም የለም። መኪናው ገፍቶት ቢሆን ኖሮ እዚያው አካባቢ ይወድቅ ነበር።

ራህማ፣ የሟቹ ሚስት፣ ጓዳ ውስጥ በተቋጠረ ዕቃ መሐል ተቀምጣለች።

«አስር ሶላት ሰግዶ ተመለሰ» አለች። «ሙሉጌታ እስኪመጣ ዝገቱን ልፈግፍግ ብሎ ገባበት። መቸኮሉ ለኔ ነበር።» እንባዋ ቀደማት።

«እሱ ሶላት ላይ ሳለ ማን መጣ?»

«እኔ ጓዳ ነበርኩ። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ዘይኑ መስሎኝ ዝም አልኩ። ጎረቤታችን ጠሃ ግን ጠዋት መጥቶ ነበር፤ ፒካፑን ለሱቁ ዕቃ ፈልጎ ተጣሉ።»

ጠሃ ሲጠየቅ ዓይኑን ከሱቁ ቋጠሮዎች ላይ አልነቀለም።

«ተጣልተናል፣ አልዋሽም» አለ። «ግን እኔ መኪና ማስጫን እንጂ መንዳት መቼ አውቃለሁ? በሩን ለምን እከፍታለሁ?»

ማርያማዊት ወደ ሰላሀዲን ተመለሰች።

«መኪናው በራሱ ተንሸራቶ ቢሆንስ?»

«ማርሽ የገባ መኪና በራሱ ይንሸራተታል? ገፍቶበት ነው እንጂ!»

ማርያማዊት ወደ ፒካፑ ሄደች። አንደኛው በር ድሮም በሽቦ የታሰረ ነው፤ የሾፌሩ በር ደግሞ አጥሩ ተጭኖት አልከፈት አለ። መስታወቶቹ መኪናው ከሰማይ እንዳይታይ በጭቃ ተለስነዋል፣ ለሾፌሩ ዓይን የምትበቃ ቀዳዳ ብቻ ቀርታ። የኋላውን መስታወት ሰብራ ገባችና ማርሹን ነካችው። አንደኛ ላይ ነው።

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ሁሉንም ኬላው ዘንድ ሰበሰበቻቸው። በመንገዱ ላይ ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች ተደርድረዋል።

«ማርሹ ገብቶ አገኘሁት» አለች። «ሙሉጌታ ፍሪ ነው የተውኩት ይላል። ይዋሻል እንበል። መግደል የፈለገ መካኒክ ግን ማርሽ ለምን ያስገባል? ካርዳኑ ከተፈታ ማርሹ ጎማውን ሊይዝ አይችልም። ይህን እሱም ያውቃል፣ ሟቹም ያውቅ ነበር። ማርሹን ያስገባው ካርዳኑ መፈታቱን ያላወቀ ሰው ነው።»

«ለምን ብሎ?» አለ ጠሃ።

«መኪናው እንዳይንሸራተት። ገዳይ አይደለም፣ ጥንቁቅ ሰው ነው። ዘይኑልአቢዲን ሶላት ላይ ሳለ መጣ፣ ድንጋዩን ለመውሰድ ፈለገ፣ በድንጋዩ ፋንታ ማርሽ አስገባና በሩን ዘጋ። ያቺ ደካማ ፍሬን ለጥቂት ጊዜ ያዘችለት። ዘይኑልአቢዲን በችኮላ ታኮውን ሳያይ ሥሩ ገብቶ ሲፈገፍግ ግን መኪናው ተነቃነቀ። እንግዲህ መንዳት የሚያውቅ፣ ዛሬ ትልቅ ድንጋይ የቸገረው ማን ነው?»

የሁሉም ዓይን ድንጋዮቹ ላይ አረፈ።

«ሰላሀዲን፣ ማርሽ የገባ መኪና አይንሸራተትም አልከኝ። በሮቹ አይከፈቱም፣ በመስታወቱ አይታይም። እኔ ሰብሬ ገብቼ ነው ያወቅኩት። አንተ በምን አወቅክ?»

ማርያማዊት ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ትገለብጥ ጀመር። የአንዱ ሥር ኖራ አልነካውም፤ ጎማ ሲታከከው ኖሮ ጠቁሯል።

ሰላሀዲን መንገዱ ላይ ቁጭ አለ።

«ማታ ልመልሰው ነበር፣ ወላሂ! ማርሽ አስገብቼ ነው ያነሳሁት። ድንጋይ ባጣህ ጊዜ ማርሽ አስገባ እያለ ያስተማረኝ እሱ ነው።»

ራህማ ተጠጋችው።

«ለድንጋዩስ አፉ እልህ ነበር። አላህ የጻፈው ነው እል ነበር» አለች። «ይህን እንግዳ ለዱላ የሰጠኸው ግን አውቀህ ነው።»

ቃሏ ከጥፊ አልተናነሰም። ልጆቹ ዱላቸውን ወደ ኋላቸው ደበቁ። ማርያማዊት የሙሉጌታን ገመድ ራሷ ፈታች።

ዘይኑልአቢዲን በማግስቱ ጠዋት ተቀበረ። ከቀብር መልስ መሣሪያው ከትናንቱ ቀርቦ ተሰማ፤ ራህማን ደሴ የሚያደርስ ሌላ መኪና የለም። ልጆቹ ፒካፑን ገፍተው ወደ ቦታው መለሱት። ሙሉጌታ አዲሶቹን ብሎኖች ከኪሱ አወጣ፤ እጁ ላይ የገመዱ ሰንበር አለ።

ማርያማዊት ሰላሀዲንን ወደ ጣቢያ ከመውሰዷ በፊት ድንጋዩን ከኬላው አሸክማ አመጣችው። ሰላሀዲን ጎንበስ ብሎ ከፊት ጎማው ሥር ከተተው፣ በጉልበቱም ገፋው። ሙሉጌታ ድንጋዩን በእግሩ ረገጥ አድርጎ ሞከረው። ከዚያ የሰላሀዲንን ፊት ትክ ብሎ አየ።

«አትልቀቀው» አለውና በጀርባው ተንጋሎ ከመኪናው ሥር ገባ።

ሰላሀዲን የመጨረሻው ብሎን እስኪጠብቅ ድረስ ድንጋዩን በሁለት እጁ እንደያዘ ቆየ።